«ያለ ኮሚሽን» የተባለው ምንዛሪ ስንት ያስከፍላል?

በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ቀየት በዘመድ ቤት ተጋብዘን ሳለን፣ ከዱባይ የተመለሰች አንዲት እኅት የድካሟን ዋጋ ለወላጆቿ ስትቈጥር አየን። በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን 3,670 ድርሃም በአውሮፕላን ማረፊያው መመንዘሪያ ወደ ዶላር ለውጣ፣ ዶላሩንም ደብረ ብርሃን ከባንክ በብር መንዝራ ነበር የመጣችው። «ወንድሜ፣ ኮሚሽን እንኳ አልወሰዱብኝም፤ በመስኮቱ ላይ ያለ ኮሚሽን ይላል» አለችን። የተሰጣት 940 ዶላር ነበር።

የኤምሬትስ ድርሃም፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1997 ጀምሮ፣ አንዱ ዶላር በ3.6725 ድርሃም እንዲመነዘር ተወስኖ የቆየ ገንዘብ ነው። እንግዲህ 3,670 ድርሃም 1,000 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ይጐድለዋል። ስልሳው ዶላር ወዴት ሄደ? መንዛሪው አልዋሸም፤ ኮሚሽን አልወሰደም። ትርፉን የደበቀው በምንዛሪው ዋጋ ውስጥ ነው። ከመቶው ስድስት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የባንክ ዋጋ ይህ ከ7,000 ብር በላይ ነበር፤ በቀየት ሰዎች ግምት ደኅና በግ ይገዛ ነበር። ይልቁንም የሚያስቈጨው፣ ድርሃሙን ከነመልኩ ይዛ ብትመጣ የአገራችን ባንኮች ራሳቸው ይገዟት ነበር። አንድ ጊዜ መመንዘር ሲበቃ ሁለት ጊዜ ተመነዘረ፤ በየመመንዘሩም አንድ እጅ ይቈረሳል።

በካርድ ለሚጓዘው ነጋዴና ከአሜሪካ ዘመድ ሊጠይቅ ለሚመጣው ወገናችንም ወጥመዱ ያው ነው። የገንዘብ መክፈያው መኪና (ኤ.ቲ.ኤም. የሚባለው) «ሒሳቡን በካርድዎ አገር ገንዘብ ላስላልዎትን?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። ትሕትናው ውድ ነው። እሺ ያለ ሰው የመኪናውን ባለቤት ዋጋ ተቀበለ ማለት ነው። እምቢ ብሎ በቆመበት አገር ገንዘብ እንዲሰላ የመረጠ ግን በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ዋጋ ይስተናገዳል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ለገበያው የቀረበ ነው። ባንኩ የራሱን ክፍያ ሊጨምርበት ስለሚችል ከጉዞ በፊት መጠየቅ ይገባል። በአንድ ማውጣት 5 ዶላር የሚያስከፍል ባንክ፣ 50 ዶላር ላወጣ ከመቶ ዐሥር፣ 250 ላወጣ ከመቶ ሁለት ወሰደ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙ ገንዘብ በኪስ ይዞ መዞርም የራሱ ሥጋት አለው።

አያቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። የማርያ ትሬዛን ብር ሲቀበሉ በእመቤቲቱ ትከሻ ላይ ያሉትን የጌጥ ፈርጦች ቈጥረው ነበር፤ የደበዘዘውን ይመልሱታል። አሞሌው ጨውም ከአፋር ሜዳ በራቀ ቍጥር ዋጋው እንደሚጨምር፣ የተሰበረውም እንደሚረክስ ያውቁ ነበር። እኛ ግን በመስታወት ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አንብበን ወረቀቱን ሳንቈጥር እንኳ ወደ ኪሳችን እንከታለን።

በአገራችንም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ይለጥፋል። በ2017 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለውጭ ምንዛሪ አገልግሎት የሚጠየቀው ክፍያ ከመቶ አራት እንዳይበልጥ መወሰኑም፣ የክፍያው ነገር ምን ያህል አሳሳቢ ሆኖ እንደ ነበረ ያስረዳል። ስለዚህ ከመንዝም ሆነ ከመርሐቤቴ ተነሥቶ ወደ ባንክ የሚወርድ ሰው «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህን ሁሉ ብሰጣችሁ በእጄ የምቀበለው ስንት ነው?» ብሎ በሁለት ሦስት መስኮት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ያቺ እኅት ሒሳቡን ስናሰላላት ዝም ብላ አዳመጠችንና ታናሿን ጠራቻት። ታናሿ ወደ ሪያድ ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። የሳዑዲ ሪያል ለአንድ ዶላር 3.75 ነው። ቍጥሩን በወረቀት ጽፈን ሰጠናት፤ ወረቀቱን አጥፋ ከፓስፖርቷ ሽፋን ሥር አስገባችው።