ስም የሌለው ቁጥር ማስረጃ አይሆንም

ኃይል ቆጣቢ የሚባሉ የቢሮ ሕንፃዎች ዛሬ በሴንሰር ተሞልተዋል። ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠንና የኤሌክትሪክ ፍጆታው ያለማቋረጥ ይመዘገባል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት መርህ ግን «አሁን እንሰብስብ፣ በኋላ እናደራጀዋለን» የሚል ነው። ይህ መርህ ምርምሩን እየጎዳ ስለሆነ መቅረት አለበት።

«በኋላ» የተባለው ጊዜ ሲደርስ ሴንሰሩን የገጠመው ቴክኒሻን ሥራ ለቋል፤ ክፍሎቹም በአዲስ ግድግዳ ተከፋፍለዋል። ፋይሉ ውስጥ የሚቀረው ከቴክኒሻኑ በቀር ማንም የማይፈታው ምሕጻረ ቃል ነው። 21.5 የሚለው ቁጥር የክፍሉ ሙቀት ነው ወይስ ከቱቦው የሚወጣው አየር? በእርግጥ የተለካ ነው ወይስ መሣሪያው እንዲደርስበት የታዘዘው? ይህን ያልለየ ተመራማሪ ትእዛዙን እንደ ውጤት ቆጥሮ ይጽፋል።

ሌላ መንገድ እንዳለ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ አሳይቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የሕንፃ 59 ዳታ ከ2018 እስከ 2020 ድረስ በሁለት የቢሮ ወለሎች ከ300 በላይ ከሆኑ ሴንሰሮችና ቆጣሪዎች የተሰበሰበ ነው። እያንዳንዱ ልኬት ምን እንደሆነና ከየትኛው መሣሪያ ጋር እንደሚያያዝ ብሪክ በተባለው ሥርዓት ተገልጿል። ሕንፃውን ስለሚጠቀሙ ሰዎች ብዛትም መረጃ ተካቷል። የእንዲህ ያለው መረጃ አስፈላጊነት በ2020 ግልጽ ይሆናል፦ በኮሮና ምክንያት ቢሮዎች ባዶ ቀርተው ነበር። ሰው መኖር አለመኖሩን የማያውቅ ተንታኝ የባዶ ቢሮን ፍጆታ የቁጠባ ስኬት ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለትን መሸፈን ነው። ሴንሰር ይበላሻል፤ መስመር ይቋረጣል፤ ባዶ የቀሩት ሰዓታት በስሌት ይሞላሉ። መሙላቱ በራሱ ነውር የለውም፤ ግምቱ ምልክት ሳይደረግበት ከልኬቱ ጋር ሲቀላቀል ግን አንባቢው ይታለላል። ጥሬው ዳታ ከተስተካከለው ጎን ሊቀመጥ፣ እያንዳንዱ ግምትም ሊታወቅ ይገባል።

«ይህን ሁሉ መመዝገብ ወጪው ይበዛል» የሚሉ አሉ። ቴክኒሻኑ መሣሪያው ፊት ቆሞ ቦታውን፣ መለኪያ አሃዱንና የተስተካከለበትን ቀን መጻፍ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ ይህንኑ መፈለግ ግን ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይገኝም። ስለዚህ ግዴታው በገጠማ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የሴንሰሮቹ ዝርዝር ገለጻ ሳይረከብም የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸም። የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማትም ገለጻ የሌለውን ዳታ እንደ ተጠናቀቀ ሥራ አይቀበሉ።