ግፊት የምትለካው እህት የራሷንስ?

ባለፈው ሳምንት እናቴን ለደም ግፊት ክትትል ሐኪም ቤት ወስጃቸው ነበር። ወደ አርባ የምትጠጋው ነርስ ሌሊቱን በተራ አድራ ገና አልወጣችም። ግፊታቸውን ለክታ «እማማ፣ ጨው ይቀንሱ፤ በደንብ ይተኙ» ስትል በለሰለሰ ድምፅ መከረቻቸው። «እህቴ፣ ያንቺስ ግፊት ስንት ነው?» ብላት ሳቀች። ለመጨረሻ ጊዜ የተለካችው ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ኖሯል። ልጁ አሁን ሰባተኛ ክፍል ነው።

ነገሩ አያስቅም። ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍ ብሏል ይባላል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ምንም ስሜት ሳይሰጥ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ለዓመታት ሲጎዳ ይኖራል። ሙያው ይህን ማወቅን እንጂ ከዚህ መዳንን አይሰጥም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ተጀምሮ 121,700 ያህል ነርሶችን የተከታተለ ጥናት አለ። ከዚሁ ጥናት በ2011 በወጣው ውጤት፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ብዙ ዓመት የሠሩት ነርሶች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዓመቱ በረዘመ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል። ከምክንያቶቹ አንዱ የክብደት መጨመር ነው። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት ስላለው ሌሊት የተበላ ምግብ ስኳሩ ከደም ውስጥ እንደ ቀኑ ቶሎ አይወጣም። በሌሊት ተራ የሚበላውን ደግሞ እናውቃለን፤ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ዳቦ፣ ብስኩት። ጧት ቤት ሲገባም እንቅልፍ የለም፤ ልጅ ለትምህርት ቤት ይሰናዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ይታጠባል። እዚህ ላይ ባሎችን ሳልናገር አላልፍም፤ ሚስታችሁ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ሽሮውን እናንተ ብታንተከትኩት እጃችሁ አይቆረጥም።

ነርስ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ መለኪያው በእጃችሁ ነው። በሚቀጥለው ተራችሁ እርስ በርስ ተለካኩ፤ ቁጥሩን ጻፉት፣ ከፍ ካለ በሌላ ቀን ድገሙት። የደም ስኳራችሁንም ተመርመሩ። ለሌሊቱ ከቤት ምስር ወይም ጎመን በእንጀራ ያዙ። የቀን ጨዋችሁ በጠቅላላው ከ5 ግራም አይብለጥ፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ ነው። ጧት ስትተኙ መጋረጃውን ዝጉ፣ ስልኩን አርቁት። በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ለምትሠሩትም ጉዳዩ ያው ነው።

እናቴ ነርሷ ክንዷን እስክትሰጥ ድረስ ከወንበሩ አልነሳም አሉ። ጓደኛዋ መጥታ ለካቻት፤ 150 በ95። «ድካም ይሆናል» አለች። ዓርብ እንደገና ትለካለች።