ለሰብለ ያዘንን፣ ለተማሪዋስ?

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ፣ ለዋና ገጸ ባሕርይዋ ለሰብለ ወንጌል ያላዘነ አንባቢና አድማጭ የለም። አሶሳ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ስሟን ያውቃል። መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ተብሎ ይነገር እንጂ፣ በልጆች ፈንታ ስለሚወስኑ ወላጆችም ነው። የሰብለን ፍቅረኛ በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ሰብለን ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ጠያቂዋን ሁሉ በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ ዕድሜዋ ነጎደ። «አንተስ? አንቺስ?» ያላቸው አልነበረም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሚጠየቀው ግን ጭብጡ፣ ሴራውና መቼቱ ነው፤ መልሱ ይጻፋል፣ ደብተሩ ይታጠፋል።

መቼቱ ጎጃም ነው። ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለው መተከልም በቀድሞው አስተዳደር የጎጃም አውራጃ ነበር። በዚያ በሚኖረው የጉሙዝ ማኅበረሰብ ዘንድ የኖረ የእህት ልውውጥ ጋብቻ አለ። ወንድም የሚያገባው እህቱን ለሙሽራዋ ወንድም ሰጥቶ ነው፤ እህት የሌለው ከዘመድ ልጅ ይፈልጋል። ልማዱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ ሁለት ጎሳ ያዛምዳል፣ ሴት ልጅ የሰጠ ቤተሰብም ጎዶሎ አይቀርም። ችግሩ የሚገለጠው ልጅቷ «እምቢ» ስትል ነው። እሷ ትዳሩን ጥላ ከወጣች የወንድሟም ሚስት ትመለሳለች፤ ጠቡ ከሁለት ቤት አልፎ ጎሳ ለጎሳ የሚያጋጭበት ጊዜም አለ። ይህን ሁሉ ተሸክማ «ትምህርቴን ልጨርስ» ማለት ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ቀላል አይደለም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠርተዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ ሰው፣ ዕድሜዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነ እስከ 7 ዓመት እንደሚታሰር ይደነግጋል። ሆኖም የገዛ ወንድሟን ትዳር አፍርሳ ፖሊስ ጣቢያ የምትሄድ ልጅ ስንት ትገኛለች?

«ልጅ ምን ያውቃል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ልጅ ያሻውን ያድርግ ያለ የለም፤ ከመወሰኑ በፊት ይጠየቅ ነው። ይህን ለመጀመር አዲስ ፕሮጀክት አያስፈልግም። የአማርኛ መምህሩ ልብ ወለዱን ካስነበበ በኋላ ክፍሉን ያከራክር፤ የሴቶች ክበብና ሚኒ ሚዲያው ይቀጥሉበት፤ ወላጆችም በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ይስሙት። እስካሁን ምክሩ ሁሉ የሚወርደው በሴት ልጆች ላይ ነው፤ በርትታችሁ እምቢ በሉ እንላቸዋለን። በእህቱ ልውውጥ የሚያገባው ልጅ ግን እዚያው ክፍል ተቀምጧል። እህቱን ሳይሰጥ ለማግባት ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ነው።