«ቤቶች!» ስንል የምንጠራው ማንን ነው?

ሰው ደጅ ስንደርስ «ቤቶች!» ብለን እንጣራለን። ከውስጥ «ደጆች!» የሚል መልስ ይመጣል፤ በሩ ይከፈታል፤ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። እስቲ ይሄን ጥሪ ልብ በሉት። የሚጠራው ግድግዳው አይደለም፤ ቆርቆሮውም አይደለም። በአማርኛ «ቤቶች» ሰዎች ናቸው።

ወደ ሰፈራችን የመጡት ሰዎች ግን «ቤቶች!» አላሉም። አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉና ወደሚቀጥለው አለፉ። አንዲት ጎረቤታችን ነጠላቸውን እያጣፉ ወጥተው «ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱ «ይሄ ግንባታ ተነሺ ነው እማማ» አላቸው። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ፦ «የምን ግንባታ? እኔ ምንም እየገነባሁ አይደለም እኮ!»

እውነታቸውን ነው። አርባ ዓመት የኖሩበት፣ ልጅ የዳሩበት፣ ለቅሶ የተቀመጡበት ነገር «ግንባታ» እንደሚባል የሰሙት ሊፈርስ ሲል ነው። የእኔም ጠብ ከዚህ ይጀምራል። ቤት ከመፍረሱ በፊት ስሙ ይፈርሳል። ስሙ ሲፈርስ ዝም ካልን፣ ዶዘሩ ሲመጣ የምንናገርበት ቃል አይኖረንም።

ቋንቋችን ለቤት የሰጠውን ቦታ እናውቀዋለን። ቤተሰብ የሚለው ቃል ውስጥ ቤትም ሰውም አሉ። ጎረቤት ውስጥ ቤት አለ። ባልና ሚስት ስለ ሌላው ሲያወሩ «ባለቤቴ» ይላሉ። ዳኝነት የሚሰጠው ፍርድ ቤት፣ ልጅ የሚማረው ትምህርት ቤት ነው። ግጥም እንኳ ቤት ካልመታ ግጥም አይሆንም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሰዋስው መምህሮቻችን ምርጫ ነው፦ ድርጊቱን የሚፈጽመውን የዓረፍተ ነገር ክፍል «ባለቤት» አሉት። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር አድራጊው የማይታወቅ ነው።

አሁን የቢሮውን አማርኛ እንይ። «አካባቢው ለልማት ተነስቷል።» ማን አነሳው? «ነዋሪዎቹ የልማት ተነሺዎች ናቸው።» ተነሺ! ከእንቅልፍ እንደሚነሳ፣ ከወንበር እንደሚነሳ ሰው። ቃሉ ሰዎቹ በገዛ እግራቸው ብድግ ያሉ ያስመስላል። «ቦታው ከሦስተኛ ወገን ነጻ ሆኗል» የሚባልም አለ። ሦስተኛው ወገን እንግዲህ እዚያው ቤት የተወለደው ሰውዬ ነው። በገዛ ደጁ ሦስተኛ ሆነ!

በዚህ ቋንቋ ቤት «ይነሳል» እንጂ አይፈርስም። መፍረስ ለሌላ ነገር ተቀምጧል። ተቃዋሚ ሲከሰስ «ሀገር አፍራሽ» ይባላል፤ ሀገር «ልትፈርስ ነበር» ይባላል። መገንባትም እንዲሁ ነው፦ የሀገር ግንባታ፣ የአቅም ግንባታ፣ የትርክት ግንባታ። የማይዳሰሰው ሁሉ ምሰሶ፣ መሠረት፣ ዋልታና ማገር አለው። እውነተኛ ምሰሶና ማገር ያለው የጭቃ ቤት ብቻ ቤት መባል ቀረበት።

ይሄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ያ አዋጅ ብዙ ተከራይ ከአከራይ ጫና ያዳነ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ግን ሥራውን የሠራው «ትርፍ» የሚለው ቃል መሆኑን አትርሱ። ቤቱ ትርፍ ከተባለ በኋላ መውሰዱ ቀላል ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ሕዝቡ በሌሊት፣ ከደንብ አስከባሪ ተደብቆ የሚቀልሰውን «ጨረቃ ቤት» አለው። ሕግ «ሕገወጥ ግንባታ» ይለዋል። ሕዝቡ ግን ሕግ መጣሱን እያወቀም ቤትነቱን አልካደውም። ከሁለቱ የትኛው ስም ነው ውስጡ ልጅ መተኛቱን የሚያስታውሰው?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሁሉ አፍ «ኮሪደር» ሆኗል። ኮሪደርን እኮ እናውቀዋለን፤ በሆስፒታልና በቢሮ የምንተላለፍበት ነው። ከአንድ ሕንጻ ውስጥ ማንም የማይኖርበት ክፍል ቢኖር ኮሪደር ነው። ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሄደ፤ ከወራት በኋላ ካዛንቺስ ተከተለ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። ስሙ ቤት የሆነ ሰፈር ኮሪደር ሆነ።

መልስ እንደሚኖር አውቃለሁ። «አንተ ድህነትን ነው የምታሞግሰው? አሥር አባወራ በአንድ ሽንት ቤት የሚጠቀምበትን ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ነው የምታለቅስለት?» አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ሳፋና ባልዲ ደርድሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጭቃ ቤት ናፍቆኝ አያውቅም። አዲሱን የእግረኛ መንገድም ማታ ማታ እሄድበታለሁ፤ ደስ ይላል፤ መብራቱም ያምራል። ከተማ መታደሱንም አልቃወምም። ደሳሳ ቤት ግን ቤት ነው። ሰውዬው የሚኖርበት ቤት ክፉ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ቤት አልነበረውም ማለት ሌላ። የመጀመሪያው የተሻለ ቤት እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ ሁለተኛው ምንም አያስገድድም። የካሳውና የምትኩ ክርክር በሙሉ በዚህች ልዩነት ላይ ነው የቆመው።

ጥፋቱ የቢሮው ብቻም አይደለም። እኛ ጸሐፊዎችና ጋዜጠኞች የተሰጠንን ወረቀት እንደወረደ እናነባለን። «ተነሺዎች» ስንል ጥቅስ ውስጥ እንኳ አናስገባውም። ሰፈርተኛውም ለምዶታል፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ስለ ገዛ እናቱ ሲነግረኝ «ማዘርም ተነሺ ሆነች» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከነከነኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይኑረው። «የእነ እገሌን ቤት፣ በዚህ ምክንያት፣ እኛ እናፈርሰዋለን፤ ወደዚህ ቤት እናስገባቸዋለን» ተብሎ ይጻፍ። ውሳኔው ትክክል ከሆነ ይሄን ዓረፍተ ነገር መሸከም አያቅተውም። ካቃተው ደግሞ ችግሩ የአማርኛው አይደለም።

እናንተም ቀለም ይዛችሁ የምትመጡ ልጆች፣ አጥሩ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት «ቤቶች!» በሉ። ከውስጥ የሚመልስ ሰው አለ።