ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል
ለከባድ ጭነት መኪና ባለንብረቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የከባድ ጭነት መኪና ባለንብረቶችና የማኅበራት ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአፋሯ ሎጊያ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፏል፤ ሙቀቱ ግን ገና አልበረደም። መኪናዬ ማዳበሪያ ጭኖ መንገድ ዳር ቆሟል። ረዳቴ ከተሳቢው ሥር ሸራ አንጥፎ ተኝቷል። እኔ 62 ዓመቴ ነው፤ እንደ እሱ ባገኙት ሰዓት ለጥ ማለት ከቀረብኝ ቆይቷል። እንቅልፉ እምቢ ካለኝ ዘንድ፣ ብዙ ጊዜ በሆዴ የያዝኩትን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ረዳት ሆኜ መኪና ላይ የወጣሁት በ1975 ዓ.ም. ነው። ያኔ መስመራችን አሰብ ነበር። ጋቢናው እንደ ምጣድ በሚግል ፊያት ኤንትሬ ሚሌን አልፈን፣ ማንዳና ቡሬ እያልን ባሕሩ ጋ እንደርሳለን። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የአገሩ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እኛም አብረን ዞርን። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ የሚያልፈው በዚሁ በር ነው። በ2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ባቡሩ ተመርቋል፤ እሰየው ብለናል። ያም ሆኖ አብዛኛው ዕቃ ዛሬም የሚመጣው በጎማ ነው። ስንዴው፣ ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ ገበሬው ክረምት ሳይገባ የሚጠብቀው ማዳበሪያ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ዓይንና እጅ ተጠብቆ ይህን በረሃ ያቋርጣል። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ዓይንና እጅ ነው። ሲያረጁ ምን እንደምናደርጋቸው ተነጋግረን አናውቅምና።

አንድ ሌሊት ላውጋችሁ። ከጅቡቲ 400 ኩንታል ስንዴ ጭኜ እየተመለስኩ ነበር። ማምሻውን ስልክ ተደውሎ «ነገ ጠዋት ሞጆ መግባት አለብህ» ተብያለሁ። ሚሌን አልፌ ወደ ገዋኔ ስጠጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ። ከፊት የመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ሳይቀንስ አለፈኝ። እሱ ካለፈ በኋላ መንገዱ ከዓይኔ ጠፋ፤ ወተት የተደፋበት መስታወት ይመስል ሁሉም ነጭ ሆነብኝ። ረዳቴ «ጋሼ፣ ግመል!» ብሎ ጮኸ። ፍሬን ያዝኩ፤ ተሳቢው ከኋላ ወዘወዘኝ፤ መንገዱ ዳር አፈር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። እናትዬው ግመል ግልገሏን አስከትላ በእርጋታ ተሻገረች። ከመኪናው ልወርድ ብል ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። መሪ ከያዝኩ ጀምሮ ረዳት ከእኔ ቀድሞ መንገድ ሲያይ ያ ሌሊት የመጀመሪያዬ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ መጀመሩን ነገረኝ። ሞራ ባይኖርም እንኳ፣ የ60 ዓመት ሰው ዓይን በጨለማ የሚቀበለው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚቀበለው ሲሶው ያህል እንደሆነ አስረዳኝ። «ሕክምናው ቀላል ነው፤ ለጊዜው ግን ሌሊት አትንዳ» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ሌሊት ነዳሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ባልደረባዬ ስኳር እንዳለበት ለአሠሪው የተናገረ ዕለት ማታውኑ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር ሲያስረክብ አይቻለሁና። ለ14 ዓመት የያዘውን መኪና በ14 ደቂቃ ተረከቡት። በመጨረሻ ዓይኔን የታከምኩት «ለቅሶ አለብኝ» ብዬ ፈቃድ ጠይቄ ነው። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ሥራ አትንካ ብሎኝ ነበር። በ11ኛው ቀን ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። በዚህ ዕድሜዬ መዋሸቴ ያሳፍረኛል። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ለመታከም ለቅሶ መፍጠር ካስፈለገው፣ የአሠራራችንን መልክ እናንተው ፍረዱ።

የተከበራችሁ ባለንብረቶች፣ የችግሩ ሥር ያለው ቢያጆ በምንለው የምልልስ ጉዞ ላይ ነው። የእኛ ኑሮ የተንጠለጠለው በምልልስ ነው። ውላችን ላይ የሚጻፈው ደሞዝ ትንሽ ነው፤ ቤት የሚያቆመው ቢያጆ በተቆጠረ ቁጥር የሚገኘው አበል ነው። ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረፋ ቢይዘን፣ ወደብ ላይ ቀናት ብንቆም፣ ጎማ ቢፈነዳ፣ የጠፋውን ጊዜ የምናካክሰው ከእንቅልፋችን ነው። ሌላ የምንቀንሰው የለንማ። ወጣቱ ይህን ይችለው ይሆናል። እኔ ግን ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛሁ ሦስተኛው ቀን ላይ ማርሽ የቀየርኩበትን ቦታ አላስታውስም። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው የሚነዳው ጥቂት መጠጥ እንደ ቀመሰ ሰው መሆኑን አጥኚዎች ለክተው አረጋግጠዋል። መኪናችሁን ለጠጣ ሰው አትሰጡም። ላልተኛ ሰው ግን በየሳምንቱ ትሰጣላችሁ። አደጋ ሲደርስ ፖሊሱ የሾፌሩን ስም ይጽፋል፤ ማታ የተደወለው ስልክ ግን መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

«60 ከሞላህ ለምን ቤትህ አትቀመጥም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ጡረታ በአዋጅ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ፕሮቪደንት ፈንድ ያልነበረን ሾፌሮች፣ አሰብ ስንመላለስ ያለቀው ወጣትነታችን ለጡረታ አይቆጠርልንም። አዋጁ ከወጣ በኋላም ቢሆን ያሠሩኝ ሰዎች ወዲያው አላስመዘገቡኝም። የተመዘገብኩት በ2008 ዓ.ም. ነው። የዕድሜ ልክ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ 60 ዓመት የሞላኝ ቀን በእጄ የነበረው ሰባት ዓመት ብቻ ነው። መሪውን ያለቀቅኩት ሥልጣን እንደሚወድ ሰው ከወንበር ጋር ተናንቄ አይደለም።

የተመዘገብነውም ቢሆን የምንመዘገበው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሕጉ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ከደሞዝ ያዋጡ ይላል። የእኔ ውል ላይ የሰፈረው ደሞዝ 3,000 ብር ነበር፤ ከእናንተ 330 ብር፣ ከእኔ 210 ብር ይገባል ማለት ነው። በእጄ የሚደርሰው ዋናው ገንዘብ አበል ስለሚባል ለጡረታ አይታሰብም። ያኔ ለእናንተም ለእኔም ቁጠባ መስሎን ተስማምተንበታል። ዛሬ ሂሳቡ ሲመጣ ግን የሚከፍለው አንዱ ወገን ብቻ ሆኗል።

አንድ አብሮ አደጌ ልጆቹ ወስደውት አሜሪካ ይኖራል። በ64 ዓመቱ እዚያም ከባድ መኪና ይነዳል። ስልክ ስንደዋወል የምቀናው በደሞዙ አይደለም። ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ግን ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ጤንነቱ ተመርምሮ ወረቀቱ ይታደሳል። 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ 10 ሰዓት ሳያርፍ መሪ መያዝ አይፈቀድለትም። መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ሰዓቱን ይመዘግባል። እዚያም ድካም አለ፣ እዚያም የሚያጣድፍ አለቃ አለ። ነገር ግን «ደክሞኛል» ሲል ከጎኑ የሚቆምለት ሰዓት ቆጣሪ አለው። የእኛም መኪናዎች ላይ ጂፒኤስ ገጥማችኋል። መኪናው የት እንደደረሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆመ በስልካችሁ ታያላችሁ። ሾፌሩ ከመቼ ጀምሮ እንዳልተኛ ለማየትም ያው መዝገብ ይበቃ ነበር።

እኛም ሾፌሮች ንጹሕ አይደለንም። ሕመም እንደብቃለን። እንቅልፍ ሲጥለን ቆመን ከማረፍ ጫት እንይዛለን። የመንጃ ፈቃድ እድሳት ሲደርስ የዓይን ምርመራውን እንደ ማኅተም ማስመቻ የሚቆጥር አለ። ለወጣቱ ረዳትም ሌሊት መንዳትን እንደ ጀግንነት አስተምረነዋል። ይህ ጥፋታችን ነው፤ አልሸሽግም። የእናንተም ጭንቅ ይገባኛል። መኪናው በባንክ ብድር ተገዝቷል፤ ወለዱ ሾፌሩ ተኝቷል ብሎ አይቆምም። የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ እሳት ነው። መንገዱ የሚዘጋበት፣ ሾፌር የሚታገትበትና የሚገደልበት ጊዜም አይተናል። ሁላችንም አንድ መንገድ ላይ ነን።

ሆኖም ሽማግሌ ሾፌር ሸክም ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ እለምናችኋለሁ። አባይ በረሃን ወይም ጣርማበርን ጭኖ የወረደ ሰው ይህን ያውቃል፦ ቁልቁለት የሚወረደው በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው። አቀበቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ብለው ነው ያሳደጉን። ጥድፊያ ያለበት ልጅ በከፍተኛ ማርሽ ይለቀውና ፍሬን ላይ ይቆማል። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። ያን ሽታ ከሩቅ የሚለይ አፍንጫ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሳይበላሽ የሚያቆም ጆሮ በአንድ ቀን አይገኝም። እነዚህን ሰዎች ዓይናቸው ስለደከመ ብቻ መንገድ ላይ ማውረድ ከነእውቀታቸው መጣል ነው።

እርጅናም ቁልቁለት ነው። እኛን እየነዳችሁን ያላችሁት ግን በወጣትነታችን ማርሽ ነው፤ ፍሬናችን ሲግል ደግሞ ታወርዱናላችሁ። ሁለቱም ልክ አይደለም። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ከአቅማችሁ በላይ ያልሆኑ አራት ነገሮችን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በቢያጆ ከምትከፍሉን ገንዘብ ከፊሉን ወደ ደሞዝ መልሱት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። መንገድ እንደ ቢሮ እንደማይለካ አውቃለሁ። ቢሆንም የተኛ ሾፌር ገንዘብ እንዳይቀነስበት ማድረግ በእጃችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ሾፌሩንም ረዳቱንም ከገቡበት ቀን ጀምሮ በእውነተኛ ደሞዛቸው ለጡረታ አስመዝግቡ። ለእኔ መሽቷል፤ ከመኪናው ሥር የተኛው ይህ የ23 ዓመት ልጅ ግን ገና ጊዜ አለው።

ሦስተኛ፣ ዕድሜው 50 ያለፈ ሾፌር በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑን፣ ደም ግፊቱንና ስኳሩን በእናንተ ወጪ ይመርመር። ታክሞ ሲመለስ ቁልፉን እንደሚያገኝም በጽሑፍ ስጡት። ይህ ወረቀት ከሌለ ምርመራው መደበቅን ያስተምረናል እንጂ አያድነንም።

አራተኛ፣ 60 የተጠጋውን ሌሊት አታስነዱት። ከሞጆ ደረቅ ወደብ አዲስ አበባ የሚመላለስ አጭር መስመር አለ። ስምሪት ክፍሉ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። አዲስ ሾፌር ቁልቁለት የሚያወርድ፣ ጎኑ ተቀምጦ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። እዚያ አስቀምጡን።

እየመሸ ነው። ልጁ ነቅቶ ፊቱን ታጥቧል፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ድምፃቸውን ሲያዳምጥ እሰማዋለሁ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ካለፈው ወር ወዲህ ጨለማ ሲይዝ «ጋሼ፣ ትንሽ ልያዝልህ?» ይለኛል፤ መንጃ ፈቃዱ ለዚህ መኪና ስለማይፈቅድ እምቢ እለዋለሁ። ዛሬ ማታ ስልኩ ሲደወል የምሰጠውን መልስ አዘጋጅቻለሁ፦ ሎጊያ አድራለሁ፤ ሲነጋ እነሣለሁ። የዚህ ቢያጆ ሂሳብ ሲሠራ ምን እንደሚቀነስብኝ አውቄ ነው ይህን የምለው።

ከእናንተ የምለምነው ደግሞ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ሾፌራችሁ ከመንገድ ሲገባ የጭነቱን ሰነድ ከመቀበላችሁ በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቁት። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ምናልባትም ይዋሻችኋል። ደግማችሁ ጠይቁት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር
ሎጊያ