ጭቃውን ሲሚንቶ አታልብሱት

ጉለሌ ያለው የእናቴ ቤት የጭቃ ቤት ነው። አባቴ በ1961 ዓ.ም. ሲሠራው ቋሚውም ማገሩም ባህር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነበር። ልጆች ሆነን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይመረግ ነበር። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ ከዚያ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ክረምቱ ያጠበውን ቦታ ሁሉ ስትደፍን ትውላለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ «ከእንግዲህ እማዬ ጭቃ አትነካም» ብሎ ገንዘብ ላከ። እኔም ደስ ብሎኝ ግንበኛ ጠራሁ። ግድግዳው ላይ ወንፊት ሽቦ በሚስማር ተመታ፤ ከመሬት እስከ ጣሪያ በሲሚንቶ ተለስኖ ክሬም ቀለም ተቀባ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። ጊዜው የመስከረም ማለቂያ ነበር። ግድግዳው የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ገና ሳይደርቅ ዘጋንበት።

ባለፈው ነሐሴ እናቴ «አልጋዬን ከግድግዳው አርቂልኝ፤ ብርዱ ወገቤን ገባኝ» አለችኝ። አልጋውን ስስበው ከኋላው ቀለሙ አብጧል፣ እስከ ጉልበት ድረስ ሻጋታ ወርሶታል። ውጭ ወጥቼ ግድግዳውን ሳንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ሲሚንቶው ከጭቃው ተላቆ በሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል። ጥጉን ስናስፈነቅለው ጭቃው እንደ ገንፎ ወረደ፤ የማዕዘኑ ቋሚ ከሥሩ በስብሶ በጥፍር ይፈረፈር ነበር። ምስጥም ቀድሞን ገብቶበታል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዝም ብላ አየችው።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀድሜ አለማወቄ ግን ያንገበግበኛል። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል። እንጨቱም በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ ከሥሩ ያለው ሲነቃነቅ እሱ ይሰነጠቃል። በዚያች እንደ ፀጉር በቀጠነች ስንጥቅ ውሃ ይገባል፣ ከመሬትም ሽቅብ ይሰርጋል፤ የሚወጣበት መንገድ ግን ተዘግቷል። ውጭው ቆንጆ ስለሆነ ማንም አያየውም። ጭቃ ሲታመም ይፈርጣል፣ ይረግፋል፣ ያስታውቃል። ሲሚንቶው ያንን ምልክት ነው የነጠቀን።

ለወንድሜ ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እሱ የሚኖርበት የእንጨት ቤት የውጭ ልባሱ ፕላስቲክ ነው። አምና ሲያስቀይር ሠራተኛው ከልባሱ ሥር ያለውን ውሃ መከላከያ ወረቀትና በልባሱ ታችኛው ጠርዝ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሳይቶታል፤ ሾልኮ የገባ ውሃ የሚወጣው በእነዚያ ነው። «እዚህ ለውሃው መውጫ አስበውለታል፤ የእናቴን ቤት ግን እኔው በገንዘቤ አፈንኩት» አለ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ነገርኩት።

ስለዚህ ለወላጆቻችሁ ቤት ገንዘብ የምትልኩ፣ እዚህም ሆናችሁ የምታሠሩ፣ እለምናችኋለሁ፤ ከልስኑ በፊት ክዳኑን እዩ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነውና 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዓመት ከ40,000 ሊትር በላይ ውሃ ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለው ያ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ይወድቃል፣ ከመሬት ነጥሮም ግድግዳውን ይመታል። የእኛ ቤት አሸንዳ አልነበረውም። ለልስን ካወጣነው ገንዘብ ጥቂቱ አሸንዳ ይገዛ፣ ቆርቆሮውን አርዝሞ ክፈፉን ወደ ውጭ ያወጣ፣ በቤቱ ዙሪያም ቦይ ያስቆፍር ነበር።

«ታዲያ እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ጭቃ ሲያቦኩ ይኑሩ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ምርጊት ከባድ ሥራ ነው፣ ሸክሙም በሴቶች ላይ ወድቆ ኖሯል። ግን ለሲሚንቶ ግንበኛ የሚከፈል ገንዘብ ለመራጊም ይከፈላል። ሙያው እጃቸው ላይ ያለ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ የሚጠራቸው ነው የጠፋው።

አሁን የእናቴ ቤት በጓሮ በኩል ሲሚንቶው ተልጦ ራቁቱን ቆሟል። የበሰበሱት ቋሚዎች ተቆርጠው ሥራቸው በድንጋይ ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል፣ አሸንዳውም ተሰቅሏል። መራጊው ሽማግሌ እስከ ኅዳር አጋማሽ እንዳይነካ አዘዋል፤ በየሳምንቱ እየመጡ መዳፋቸውን ለጥፈው ያዩታል። ባለፈው ቅዳሜ «ገና ነው፣ ይቀዘቅዛል» ብለው ሄዱ። እናቴ ግን ጭዱን ከወዲሁ አስመጥታ በጆንያ ሸፍናዋለች።