ለክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ከድሬዳዋ የተላከ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ እናቴ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ደብዳቤ ሲደርሳት የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች። መጽሐፍዎ ወደ ቤታችን የገባው በሬዲዮ፣ በተራኪው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን ሁለታችሁም ተካፈሉልኝ።

የድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። ሬዲዮኑ ግቢ ይወጣል፣ ጎረቤትም ይሰበሰባል። አማርኛው ለሚከብዳቸው እናቶች እኛ ልጆቹ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እናስረዳ ነበር። የመጽሐፍዎ የማንኩሳና የዲማ ሰዎች በሦስት ቋንቋ የተወደዱበት ግቢ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን ስለቱ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲኖርላቸው ብለው፣ ሳያገባ እንዲያገለግል ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ስለት በእኛ ከተማ የሩቅ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ለመድረስ ስንት ሰው በድሬዳዋ በኩል ያልፋል! ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለቁልቢ ይሳላሉ። ስለዚህ የበዛብህን ጭንቀት ለማንም ማስረዳት አላስፈለገንም። ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ወርቅ ይሳላል፤ የሚከፍለውም ራሱ ነው። የበዛብህ ስለት ግን ተሳዩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ነው። ሰብለ ወንጌልን መውደዱ፣ እርሱ ባልገባው ቃል የተነሣ፣ በገዛ ልቡ ውስጥ በደል ሆኖ ተቆጠረበት።

እናቴ ውድነሽን አልኮነነቻትም። ልጅ እንዳይሞትባት የፈራች ሴት ምን ታድርግ ትል ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ «ልጁን ማን ጠየቀው?» እያለች ትሟገታለች። እርስዎ ሁለቱም ሴቶች እውነት እንዲኖራቸው አድርገው ጻፉ። ወላጆቹን ክፉ አላደረጓቸውም፤ ያደረሱትን ጉዳትም አልሸሸጉላቸውም። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ አብልጬ የማመሰግንዎ በዚህ ነው። የጸጸት ታሪክ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ሳይበድል የሚጸጸትን ሰው እንዲህ ቀርቦ ያየ ግን ጥቂት ነው።

ሌላው ንባቡ ነው። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ የረገጠው ልጃቸውን ሰብለን ሊያስተምር ነው። ፊደል ከልጅቷ አጠገብ አስቀመጠው፤ የገበሬ ልጅነቱን ግን አልፋቀለትም። መምህር ሆኖ የተፈለገ ሰው ባል ሆኖ ተናቀ። የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት እርስዎ፣ ትምህርት ሁሉን ይፈታል ብለው አላባበሉንም። ደብተርና መምህር በቂ እንዳልሆኑ፣ የሚማረውን ሰው የሚያከብር አገርም እንደሚያስፈልግ አሳዩን። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እናቴም ከፋብሪካ መልስ ደብተር ይዛ ተቀመጠች። ስሟን መጻፍ ቻለች፤ በፋብሪካው መዝገብ ላይ በጣት አሻራ ፈንታ ስሟን አሰፈረች። ያን ወፍራም መጽሐፍ ግን እስከ መጨረሻው የምታውቀው በጆሮዋ ነበር።

ትዝታንም አስተማሩን። ከጣሊያን ወራሪ ጋር ተዋግተው፣ ተማርከው፣ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው የተመለሱ ሰው የማስታወስን ዋጋ ያውቃሉ። ሰብለ መነኩሳ ከበዛብህ መቃብር አለመራቋን፣ ወዳጃቸው ጉዱ ካሣም በመጨረሻ ከእነርሱ ጋር ማረፉን እናቴ የዘመድ ለቅሶ እንደደረሰች አድርጋ ትተርክ ነበር። ጉዱ ካሣን አንድም ቀን «ጉዱ» ብላ አልጠራችውም፤ «አቶ ካሣ» ነበር የምትለው።

በኅዳር 1996 ዓ.ም. ማረፍዎ ሲሰማ በዚያ ግቢ የነበርን ሁሉ አዝነናል። ምስጋናው በሕይወት ሳሉ ሊደርስዎ ይገባ ነበር።

ይህን የምታነቡ የድሬ ልጆች፣ በቤታችሁ ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አባት ካሉ ዛሬ ማታ ሬዲዮ አትጠብቁ። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።